ከግራ ጥግ የተነሣችው ቁልፍ

ለተከበሩ የኮምፒውተር ገጽታ ንድፍ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እጅዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም አንደበትዎ ደህና ሆነው እንዲቆዩልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በማላውቀው ሙያ ገብቼ መናገሬን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። የድሮው ስክሪን ከታች አንድ ግራጫ መስመር፣ በመስመሩ ግራ ጫፍ ደግሞ «ጀምር» የሚል ቃል የተጻፈባት ቁልፍ ነበረው፤ ከየሥዕሉ አጠገብም ስሙ ተጽፎ ይነበብ ነበር። መልኩ አያምርም ነበር። ነገር ግን እንደ ወጥ ቤት መሳቢያ ነው፤ ማንኪያው የት እንዳለ እጅ ራሱ ያውቀዋል። ሰው ሳይጨነቅ የሚጠቀምበትን ይህን ኋላቀር ነገር አጥፍተው ስላዘመኑን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አንደኛው አቤቱታዬ ስለ ጥጓ ነው። ባለቤቴ ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፤ ንግግሩም ጠፍቷል። ግራ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ብዕር አይይዝም፤ ኪቦርድ ላይ ግን ፊደል በፊደል እየነካ እኔ ወደምሠራበት ስፌት ቤት መልእክት ይልክልኝ ነበር። የማውሱን ቀስት ወደ ታች፣ ወደ ግራ ይገፋታል፤ ጥግ ስትደርስ መሄጃ የላትምና ትቆማለች፤ ቁልፏም እዚያው ናት፤ ነክቷት የመልእክቱን ገጽ ይከፍታል። እጁ የቱንም ያህል ቢንቀጠቀጥ አይስታትም። እርስዎ ግን ጥግ ላይ መቀመጧ አሳዝኖዎት ወደ መሐል አመጧት። ለዓይን ያምራል መቼም።

ሁለተኛው፣ ጥጉን ባዶ እንኳ አለመተውዎ ነው። እኛ ተኝተን ሳለ ኮምፒውተሩ ራሱን አድሶ አደረ። ጠዋት እኔ ሥራ ከገባሁ በኋላ ባለቤቴን ራሱን አዞረውና ሊነግረኝ ተቀመጠ። እንደለመደው ጥጉን ሲነካ የአየር ሁኔታ ዜና ዘሎ ወጣበት። ዘጋው፤ ደግሞ ነካ፤ ደግሞ የአየር ሁኔታ። ቀኑ ፀሐያማ እንደሚሆን ሳይሰለቹ ስላሳወቁት አመሰግናለሁ። ተስፋ ቆርጦ ሰው ሊፈልግ ሲነሣ ኮሪደሩ ላይ ወደቀ። ከታች የሚኖረው አናጺ ጎረቤታችን ዱብ ሲል ሰምቶ ደረሰለት። የተሰበረው የግራ እጁ አንጓ ነበር። የሚናገርባት አንዲት እጅ በጄሶ ታሰረች።

ሦስተኛው ስለ ደንበኞች አገልግሎትዎ ነው። ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ቁልፏ ወደ ቦታዋ ትመለስ እንደሆነም ጠየቅኩ። ስልኩን ያነሣው ልጅ ጨዋ ነበር፤ አይቻልም አለኝ። ከዚያም ሊያጽናናኝ አስቦ፣ «እናቴ፣ ይለምዱታል፤ አሁን ሰው ሁሉ የሚወደው ይሄንን ነው» አለኝ። የማይወድ ሰው ከሰው እንደማይቆጠር ያኔ ተረዳሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አቤቱታ አይደለምና ቁጥር አይሰጠውም። ከሥራ ስመለስ ኮምፒውተሩ ፊት እየተቀመጥኩ እነካካ ጀመር። ሳጠፋ፣ ስመልስ፣ ስሳደብ ከርሜ በመጨረሻ ከማስተካከያው ውስጥ ሌላ ማስተካከያ፣ ከእርሱም ሥር ስም የሌለው ሥዕል አገኘሁ። ነካሁት። ቁልፏ ተንሸራታ ወደ ግራ ጥጓ ሄደች። ለካስ ይቻል ኖሯል!

ጄሶው የተፈታ ሰሞን የቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ስልኬ ጮኸ። የባለቤቴ መልእክት ነው። «ራሴን የሚያዞረኝ አዲሱ ኪኒን ነው። ያን ቀን ልነግርሽ ነበር» ይላል። ቀሚሱን አስቀምጬ ኪኒኑን ላዘዘለት ሐኪም ደወልኩ።

ክቡር ሆይ፣ እጁ ታስሮ በከረመበት ጊዜ ያንን ኪኒን ጠዋት ጠዋት አፉ ውስጥ ያደረግኩለት እኔ ነኝ። ፊቱን ሲያዞርብኝ ያኮረፈ መስሎኝ፣ «አታድክመኝ፣ ዋጠው» እለው ነበር። ይውጠውና ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሐኪሙ ነገሩን እንደሰማ መድኃኒቱን ቀየረ፤ ማዞሩም ተወው። የሚያስፈልገው ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች። ያን ሁሉ ጊዜ የት ቆማ እንደከረመች ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለላቀ ጥበብዎ ያለኝን አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ በቸገረዎት ቀን እጅዎን የሰደዱበት ነገር ሁሉ ካስቀመጡበት ቦታ እንዲገኝልዎ ከመመኘት ጋር፣

«ይለምዱታል» ከተባሉት አንዷ፣
ልብስ ሰፊዋ

ከፊርማዬ በኋላ፦ ይህን ደብዳቤ ልጨርስ ስል ስክሪኑ ላይ ሌላ አፕዴት መድረሱን የሚያበሥር ሳጥን ወጣ። ምርጫዎቹ «አሁን» እና «በኋላ» ናቸው፤ ሦስተኛ ቁልፍ ብፈልግ አጣሁ። ስለዚህ መልሴን እዚሁ ጽፌልዎታለሁ፦ አልፈልግም።