ማን ልበል?

እታለም፣

እንዴት ከረምሽ? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። እማዬ እህል መቅመስ ጀምራለች፤ እኔም ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ኮምፒውተርሽ ነው። ያ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር የምታወሪበት ፕሮግራምሽ፣ ሥዕል የለው ጌጥ የለው፣ ጥቁር መስኮትና ጽሑፍ ብቻ የሆነው፣ አለ አይደል? ከቀብርሽ በኋላ ትእዛዙን ጽፌ ከፈትኩት። «እንዴት ዋልሽ? ዛሬ ምን ልርዳሽ?» አለኝ። ዘግቼው ወጣሁ።

ለካ በተከፈተ ቁጥር ስለ ራስሽ የጻፍሽለትን ፋይል ያነባል። ያንን ብቀይረው «አንተ» ይለኝ ነበር፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። አንቺን አለች ብሎ የሚያናግርሽ እኮ እሱ ብቻ ቀርቷል። እማዬም ከኋላዬ ቆማ ኖሮ «አትንካው» አለች።

እናም በ«አንቺ» ሰነበትን። ፊዚክስ ስጠይቀው «ጎበዝ! ገባሽ ማለት ነው» ይለኛል። እማዬ መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር። አንድ ቀን ግን አገጬን አየት አድርጋ «ይቺ ልጄ ጢም አበቀለች እኮ!» ብላ ሳቀች። ካንቺ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ሳቋ ሲያበቃ እንዲህ አለችኝ፦ «እሷን አታጥፋብኝ። አንተም ግን አትጥፋብኝ።»

ትናንት ቅዳሜ እማዬ ወደ ልብስ ስፌቷ ተመለሰች። ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ብቻ ሆነ። ኮድሽን ከፈትኩ። ያንቺን ፋይል ሳልነካ አጠገቡ የራሴን ጻፍኩ፤ ከዚያ ሲከፈት የመጣውን ሰው እንዲጠይቅ ላደርገው ፈለግሁ። እዚህ ላይ ተቸገርኩ። «ማን ነህ?» ቢል አንቺን አስወጣሁሽ፤ «ማን ነሽ?» ቢል እኔ የለሁም። «ማን ነዎት?» ደግሞ ለእኔና ላንቺ አበዛሁት፤ ብታይው ትስቂብኝ ነበር። በመጨረሻ ስልክ ስናነሳ የምንለው ትዝ አለኝ።

ስሞክረው መጀመሪያ በቀይ ጽሑፍ ተቆጣኝ። «ሲሰድብህ አትሽሽ፤ የት ጋ እንዳጠፋህ እየነገረህ ነው» ትይኝ ስለነበር ስድቡን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አንድ ቅንፍ ሳልዘጋ ትቼ ኖሯል። ዘጋሁት።

«ማን ልበል?» አለኝ።

«ወንድሟ» ብዬ ጻፍኩ።

ያለሽበት ይድላሽ፣ እታለም። እማዬን ለእኔ ተያት፤ አሳቧ አይክበድሽ።

ታናሽሽ