ሽቦ እሁድን አያውቅም

ጥቅምት 7

ለሚስቴ "ልክ ልወስድ ነው" ብያት ወጣሁ። ውሸትም አይደለም፤ ልክ ወስጃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን... ሽርካዬ ሌላ ቦታ መስኮት ሊገጥም ሄዷል፤ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። የትምህርት ቤቱ በር ማጠፊያ የሚበየድ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የቀረው። ሁለት ነጥብ ምን ታመጣለች? ማስኩን ደፋሁ፣ ለኮስኩ።

ዓይኔ ጭልም አለ። ብረት ክምሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አለፈ።

ልቤ ሲዘገይ የምትቀሰቅሰውን ዕቃ ደረቴ ውስጥ ከቀበሩልኝ ስድስት ወሬ። ዶክተሩ ያኔውኑ "ከእንግዲህ ብየዳ የለም" ብሎኛል። አርባ ዓመት የበየደ እጅ አርፎ ይቀመጣል? የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ አሉ።

ጥቅምት 13

የክትትል ቀጠሮ። ሚስቴም አብራኝ ገባች። የደረቴን ዕቃ የምታየው ቴክኒሻን የልጃችን እኩያ ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጠረጴዛው ላይ ትፈልገዋለች። የዕቃዋን መዝገብ የሚያነበውን ማንበቢያ ደረቴ ላይ አስቀመጠች። ሌላ ጊዜ ስታወራኝ ነው የምታየኝ፤ ዛሬ ማሽኑ ላይ አፈጠጠች።

"ጋሼ፣ መስከረም 22 ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ምን እየሠሩ ነበር?"

ለካ ዕቃዋ ሁሉን በቀንና በሰዓት ትመዘግባለች! ተኝቼ ነበር አልኳት። የኤሌክትሪክ መሣሪያስ አጠገብ ነበሩ? አለች። አፌን ሳልከፍት ሚስቴ፣ "ብየዳውንማ ትቷል" አለችልኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ልበል? ሚስቴን ውሸታም ላድርጋት?

አሥራ ሰባት ጊዜ ከልብ ምት ያልሆነ የኤሌክትሪክ ምልክት፣ እነሱ ጫጫታ የሚሉት፣ ተመዝግቧል። ዶክተሩ ተጠራ። ከዕቃዋ ወደ ልቤ የሚሄደው ሽቦ ሳይሰበር አልቀረም አለ። ራጅ ተነሣሁ፤ ምንም አልታየም። በራጅ የማይታይ ስብራትም አለ አሉኝ። የዛሬ ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ሽቦውን ሊቀይሩ እንደገና ሊከፍቱኝ ነው።

ጥቅምት 14

ደረቴን ስዳብስ አደርኩ። የምር ሽቦው ቢሆንስ?

ጥቅምት 16

ልጄ ለቀዶ ጥገናው ቀን ከሥራዋ ፈቃድ ወሰደች። ሳትነግረኝ። ሚስቴ ናት ያስወሰደቻት።

ቴክኒሻኗ ጫጫታ የታየባቸውን ቀናት ጽፋ የሰጠችኝን ወረቀት ከሥራ ደብተሬ ጋር አስተያየሁት። መስከረም 22፣ የጎረቤት መስኮት። ጥቅምት 7፣ ያቺ ማጠፊያ። አሥራ ሰባቱም የእኔው ብየዳ ነው። ሽቦው ደህና ነው ማለት ነው! እፎይ አልኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። በገዛ ውሸቴ ደረቴን ላስቀድድ ነው እኮ... ለሚስቴ እንዴት ብዬ ልንገራት?

ጥቅምት 17

ሚስቴን የሆስፒታል ቦርሳዬን ስታዘጋጅ አገኘኋት። ፎጣ፣ ፒጃማ፣ ነጠላ ጫማ።

"አልተውኩም" አልኳት።

ቀና አላለችም። ፎጣውን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች።

"አውቃለሁ። ፍንጣሪ የበሳውን ሸሚዝህን የሚሰፋልህ ማን ሆነና?"

ታዲያ ለምን ትቷል አልሽ? አልኳት። ልጅህን በምታክል ሴት ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔው ራሴ እስክናገር ስትጠብቅ ነበር። አራት ቀን ሙሉ!

"እስከ ረቡዕ ባትናገር እኔው ልነግራቸው ነበር።"

እሷ እኔን ስትሸፍን፣ እኔ እሷን ስሸፍን... ሳቄ መጣ። እሷ አልሳቀችም። ቦርሳውን እንዳለ ትታው ወጣች።

ጥቅምት 18

ሄጄ ተናዘዝኩ። ቴክኒሻኗ አልተቆጣችም። እሷም ግራ ገብቷት ለዶክተሩ ልታነሣለት ኖሯል፤ ጫጫታው እሁድ እሁድ የለም፤ እሁድ ብየዳ ቤታችን ዝግ ነዋ።

"ሽቦ እኮ እሁድን አያውቅም፣ ጋሼ።"

ክንዴን አስነሣችኝ፣ አስሳለችኝ፣ ደረቴን ጫን ጫን አደረገችው። ማሽኑ ጭጭ። ሽቦው ደህና ነው። ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ!

ዶክተሩ ግን አልማረኝም። ስበይድ ዕቃዋ የኤሌክትሪኩን ጫጫታ የልቤ ምት ይመስላትና ልቤን መቀስቀሷን ታቆማለች አለኝ። ዓይኔ ጭልም ያለው ለዚያ ነው። ጥቂት ሰከንድ ቢጨምር... አልጨረሰውም።

ጥቅምት 26

ማስኬን ለሽርካዬ ሰጠሁት። እሱ ሲለኩስ መንገድ ተሻግሬ እቆማለሁ። ከማዶ ሆኜ "ጠመመ!" እለዋለሁ። አልጠመመም ይለኛል። ጠሟል።

ኅዳር 4

ቀጠሮ። ቴክኒሻኗ ማንበቢያውን ከማስቀመጧ በፊት ጠየቀችኝ። ብየዳ አለ? ሚስቴ አልመለሰችልኝም። ወደ መስኮቱ ዞረች።

"የለም" አልኩ።

ማሽኑን ከፈተች። አየች። ከዚያ እንድናይ ወደ እኛ አዞረችው። አንድም ጫጫታ የለም። ሚስቴ ተጠግታ፣ ባይገባትም፣ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከስድስት ወር በኋላ ይዘዋቸው ይምጡ ተባለ፤ ቴክኒሻኗ እንኳ የምታወራው ለእሷ ነበር።

ደረጃው ላይ ስንደርስ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። ሚስቴ ቦርሳዋን ይዛ አጠገቤ ቆመች።

"ጨረስክ?" አለችኝ በኋላ።

ጨረስኩ አልኳት። ክንዴን ያዘችኝና ወረድን።