ለሚጎትት ሁሉ የትራክተር ተራ ስለሚሰጠው ፕሮግራም

ለተከበሩ አቶ ካሌብ፣
የትራክተር ማኅበራችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣
መተማ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በዚህ የቆላ ሙቀት የቢሮዎ ቬንትሌተር ሳይቋረጥ እየዞረልዎ እንደሆነ ተስፋዬ ነው። እኔ በአራት ሄክታር ዋልካ መሬት ላይ ከአረም ጋር ተፋጥጬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ።

እንደሚያውቁት ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ መሬቱን በራሴ እጅ ያዝሁት ዘንድሮ ነው። የባለቤቴ ወንድሞች ሴት ብቻዋን ምን ታርሳለች፣ ለባለሀብት ይከራይ ሲሉኝ፣ ተዉኝ፣ ማኅበሬ አለልኝ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርሁ። ቀጥሎ የሆነውን በቅደም ተከተል ላቅርብልዎ፤ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩና።

1ኛ. በግንቦት ወር እርስዎና የክፍልዎ ባለሙያ ወይዘሪት ሠላማዊት የትራክተር ተራ የሚያወጣው ፕሮግራም በየትኛው የኮምፒውተር ቋንቋ ይጻፍ በሚል ሁለት ቀን ሙሉ ስትከራከሩ በትዕግሥት አዳምጠናል። ወይዘሪቷ ጥብቁ ቋንቋ ይሻላል፣ የእያንዳንዱ ነገር ዓይነት አስቀድሞ ይጻፍ፣ ትራክተሩ ትራክተር መሆኑ ሳይረጋገጥ ፕሮግራሙ ሥራ አይጀምር አሉ። እርስዎ ደግሞ ይህ ቢሮክራሲ ነው፣ በልሉ ቋንቋ ዓይነት አይጠየቅም፣ የሚጎትት ከሆነ ይበቃል፣ ስህተት ካለ ሥራው ላይ ይታያል አሉን። ስላልገባን አጨበጨብን።

2ኛ. ሰኔ 24 ቀን «ጎታችዎ በመንገድ ላይ ነው» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ሲገባ እልል ብዬ ወጣሁ። የመጣው የወይዘሮ ረፊቃ ውኃ ጎታች አህያ ነው! ወይዘሮ ረፊቃ ምን አጠፉ፤ ለማኅበሩ ሾፌሮች የውኃ በርሜል የሚያመላልሰውን አህያቸውን ሲያስመዘግቡ፣ ይጎትታል ወይ ቢባሉ እውነቱን አዎ አሉ። ፕሮግራምዎም አህያውን በክብር ተቀብሎ፣ ተራ ሰጥቶ፣ ማሳዬ ድረስ ከላከ በኋላ፣ ማረሻው ይቀጠል የሚለው ትእዛዝ ላይ ሲደርስ ገና «ስህተት» ብሎ ጮኸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

3ኛ. አቤት ብል መዝገቡ «ተስተናግደዋል» ይላል ተባልሁ። ሌላ ተራ ስጠብቅ ዝናቡ ገባ፤ ዋልካው ጎማ እየዋጠ ትራክተር አላስጠጋ አለ፤ ሰሊጤን ሳልዘራ ቀረሁ። ባለፈው ሰኞ የባለቤቴ ወንድሞች ባለሀብቱን ይዘው መጥተው መሬቱን በገመድ ሲለኩት ዳር ቆሜ አየሁ። አንጀቴ አርሯል፣ አቶ ካሌብ።

የወይዘሪት ሠላማዊት ቋንቋ ጣጣ የለውም አልልም፤ በእሳቸው ቢሆን ፎርም ስንሞላ ሰኔ ያልፍ ነበር ይሆናል። ቢሆንም እምቢ የምባል ከሆነ ቢሮ በር ላይ እምቢ ብባል ይሻለኝ ነበር እንጂ፣ ዘር ታቅፌ ማሳ ዳር አይደለም።

ስለሰጡን ነፃነት እጅ እየነሣሁ፣
ዓይነትዎን ሳልጠይቅ ኃላፊ ብዬ የተቀበልሁዎት አክባሪዎ፣
ውባንች ለይኩን

ማስታወሻ፦ ይህንኑ ፕሮግራም ለጤና ጣቢያ ሊሰጡት ነው ሲባል ሰማሁ። እግርዎ ሥር ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ እዚያ እንኳ ዓይነት ይጠየቅ። የሚወጋ ሁሉ ነርስ አይደለም፤ እሾህም ይወጋል።