ረቡዕ ቀን በደብተሬ ላይ ያደረግሁት ራይት

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ቶሎ ቶሎ ልናገርና ወደ ንብረቱ እገባለሁ። ጸሐፊው እንደምናገረው ይጻፍ፣ አያሳምርብኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፍርድ ቤት ደረስን። እኔ፣ ታናሽ እህቴና ሻካራ የምንለው የሥራ ባልደረባዬ። የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፣ በአማቼ፣ በልጄ ባል ወገን። አዎ፣ በእሱ ወገን። አራት ዓመት ሙሉ ልጄ ጠፋች እንጂ ሞተች ብዬ አላውቅም። ባሏ ነው የገደላት ካለኝ ሰው ሁሉ ጋር ተጣልቻለሁ። በፌስታል አንድ ሸሚዝ ይዤ ነበር፤ በነጻ ሲለቁት ለብሶት እንዲወጣ ብዬ ትናንት ራሴ የተኮስኩት። ዳኛዋ ማንበብ ጀመሩ። አስከሬን አልተገኘም አሉ። እኔ በልቤ ይኸው አልኩ። አስከሬን ባይገኝም አሉ። ከዚያ ብዙ አሉ፤ ምስክር፣ አፈር፣ ስልክ። ከዚያ ጥፋተኛ ነው አሉ። እኔ መነጽሬን መፈለግ ጀመርኩ። ለመስማት መነጽር ምን ይረዳል? ግን ፈለግሁ። ግንባሬ ላይ ነበር።

ፖሊሶቹ አማቼን ይዘው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አለ። ጎንበስ ብሎ፣ ሁልጊዜ እንደሚያናግረኝ ቀስ ብሎ፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ አትፈልጋት፤ ትደክማለህ» አለኝ።

«የት ናት?» አልኩት። ወለሉን አየ። ወሰዱት።

ዳኛዋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያነበቡት ያልገባኝ ሰውዬ በዚያች ቃል ገባኝ። አዝኖልኝ እኮ ነው! እንዳልደክም አስቦልኝ ነው! ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ደረቴን አንድ ነገር ጨመቀኝ፣ ግራ እጄ የኔ መሆኑ ቀረ። ሻካራ እንደ ስሚንቶ ከረጢት ትከሻው ላይ ጥሎ ታክሲ ውስጥ ከተተኝ። ሐኪሙ የልብ ቧንቧ ተዘግቷል፣ ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ይደረጋል አለ። እህቴ «ይድናል?» አለችው። «ብዙ ሰው ይድናል» አላት። ብዙ ሰው ማለት ሁሉም ሰው ማለት አይደለም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ከነወረቀቱ እንዲመጣ አደረግሁ።

አሁን ወደ ሥርዓቱ። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ወሩ ከገባ ዘጠኝ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሀምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ሥራዬ የቀለም ቀቢዎች ፎርማን ነው። አእምሮዬ ደህና ነው፤ ነርሷ ቀኑን ጠይቃኝ በትክክል መልሻለሁ፣ የአልጋ ቁጥሬንም ነግሬያታለሁ። ማንም አላስገደደኝም። እህቴ ዝም እንድል እየለመነችኝ ነው፣ እሱም ይጻፍ።

አንደኛ፣ የሚሻር። ከሁለት ዓመት በፊት ደረቴን ባመመኝ ጊዜ በእጄ የጻፍኩት ኑዛዜ አለ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከመታወቂያዬ ጋር ነው። እሱ ላይ «እኔ ብሞት ቤቴን የሚጠብቅልኝ፣ የልጅ ልጄንም የሚያሳድጋት አባቷ ነው» ብያለሁ። በዚያ ጊዜ ተጠርጥሮ በዋስ ወጥቶ ነበር፤ ወረቀቱን ሳነብለት አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ነገ ከአልጋው ባልነሳ ያ ወረቀት ነው የሚሠራው። የስድስት ወር ይሁን የስድስት ቀን ዕድሜ ቢኖረኝ ግድ የለኝም፣ ያ ወረቀት ግን ከዛሬ እንዳያልፍ። ሻካራ ከዚህ ሲወጣ በቀጥታ ሄዶ ይቅደደው። ሁለት ቦታ አይደለም፣ ብዙ ቦታ።

ሁለተኛ፣ ማሳወቅ ያለብኝ ነገር። ይህ ንብረት አይደለም፤ ነገር ግን ከኔ በኋላ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ እዚህ ይግባ።

በሥራችን የስም ደብተር አለ። የመጣ ሰው ስሙ ፊት ራይት ይደረግለታል፣ ላልመጣ ባዶ ይቀራል። ሕጉ ጠዋት ሰው እየቆጠሩ ነው። እኔ ግን ቤቴ ሻይ እየጠጣሁ ለሁሉም ራይት አድርጌ እወጣ ነበር፣ ያልመጣውን ምሳ ሰዓት ላይ አጠፋለሁ። የአማቼን አጥፍቼ አላውቅም። የልጄ ባል ነው፣ ቢያረፍድም ቢቀርም ቀኑ እንዳይቆረጥበት። ልጄ የጠፋች ረቡዕ ዕለትም ራይት ነበረው። ፖሊስ ሲጠይቀኝ ደብተሩን ዘርግቼ «ቀኑን ሙሉ እኔ ጋ ነበር፣ ደብተሬ አይዋሽም» አልኩ። አንዴ ተይዞ በዋስ ቢወጣም ሦስት ዓመት በዚያ ራይት ተደበቀ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ። በዚያ ረቡዕ አምስተኛ ፎቅ ላይ የደረጃውን ግድግዳ በዘይት ቀለም እንዲቀባ ሰጥቼው ነበር፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቼ ግድግዳውን በጣቴ ነካሁ። ቀለሙ ጣቴ ላይ ወጣ። የሠላሳ ዓመት ቀቢ ነኝ። ጠዋት የተቀባ ዘይት ቀለም በዚያ ሰዓት ጣት አይዝም። ከሰዓት በኋላ ነው የተቀባው። ጠዋት አልነበረም። አወቅሁ። መጠጥ ቤት ቆይቶ ይሆናል ብዬ ጣቴን በጨርቅ ጠረግሁና ወረድኩ። ሲነጋ ሁለተኛውን እጅ ቀለም እኔው ራሴ ደረብኩለት። ይህን ለፖሊስ አልተናገርኩም፣ ለዳኛም፣ ለእህቴም። ይኸው እህቴ አሁን ገና ስትሰማ አፏን ይዛለች።

«ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?»

አላውቅም ነበር። ጣቴ ያውቅ ነበር።

ሦስተኛ፣ ዘበኛው። የሕንፃው ዘበኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሰውዬው አራት ሰዓት ላይ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱሪ ቀይሮ ተመለሰ» ብሏል። እኔ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ሰካራም አልኩት፣ ውሸታም አልኩት፣ ኩባንያው እንዲያሰናብተው አቤት አልኩ፣ አሰናበቱት። ዛሬ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። ጥፋተኛ ሲባል አላጨበጨበም፣ አላየኝም፣ ተነስቶ ወጣ። ሻካራ ይፈልገው። ያኔ በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ እዚያው ሕንፃ በር ላይ፣ ይህ ሦስተኛው አንቀጽ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። ሻካራ ማንበብ ይቸገራል፤ ጸሐፊው ይሂድለት።

ሻካራ፦ «አለቃ፣ ፊደል እኮ አውቃለሁ። የሚያስቸግረኝ ያንተ እጅ ጽሑፍ ነው።»

ይህ የጸሐፊው እጅ ጽሑፍ ነው፤ ይነበባል። እንደዚያ ከሆነ ሻካራ ያንብበው።

አራተኛ፣ ዕቃ። ረጃጅሞቹ ሦስት መሰላሎች፣ የብረት መወጣጫው፣ የቀለም መርጫ ሞተሩ ለሻካራ። አጭሩን መሰላል ግን አይውሰድ። በእሱ ላይ ወጥቼ ነው የልጄን ፎቶ በየግድግዳው የለጠፍኩት። እኔ ከላይ፣ አማቼ ከሥር መሰላሉን ይዞ፣ ሙጫውን እያቀበለ። «አባዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ጠሟል» ይለኝ ነበር። ጠሟል ይለኝ ነበር! እዚህ ላይ ትንሽ ልረፍ።

እሺ። መሰላሉ ይሰበር። ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ሸሚዝ ምን ላድርገው? ለሰው አይሰጥም። ሻካራ ብሩሽ መጥረጊያ ይሁን ይላል። ጥጥ ነው፣ ጥሩ ይጠርጋል። ይሁን።

አምስተኛ፣ የልጄ ልብስ። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አንድ ሻንጣ ነው። አማቼ «ሻንጣዋን ይዛ ወጣች» ብሎ ነበር። ሻንጣው ግን አልጋ ሥር ነበር። «ሌላ ገዝታ ነው» አለ፣ አመንኩት። ልብሱ አይከፋፈል፣ ለልጇ ይቀመጥ። አረንጓዴውን ሹራብ እህቴ ትውሰድ፤ የሠራችላት እሷ ናት።

ስድስተኛ፣ ዋናው። ለዚህ ነው ሁላችሁንም ያስቸገርኩት።

የልጅ ልጄ ሚጡ ሰባት ዓመቷ ነው። አሁን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጋ ናት፣ አዝራር እየለቀመች። እናቷ ስትጠፋ ሦስት ዓመቷ ነበር። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፣ በሙሉ የእሷ ይሁን። የሚያሳድጋት ማነው? እህቴ ዝግጁ ናት። ከእህቴ በላይ የሚወዳት የለም። ነገር ግን እህቴ ለፍቅር ብላ ትዋሻለች፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። እኛ ቤት ክፉ ነገር ለልጅ አይነገርም፤ ታናሽ ወንድማችን የሞተ ጊዜ ለእኔ እንኳ በወሩ ነው የተነገረኝ። በዚህ አመላችን ነው ጣቴን ጠርጌ የወረድኩት። ስለዚህ ሚጡን የሚያሳድጓት የአማቼ እናት እንዲሆኑ እፈልጋለሁ።

እህቴ ጮኸች፤ ይጻፍ። «የገዳዩን እናት?»

አዎ፣ የገዳዩን እናት። እኒህ ሴትዮ ፍርድ ቤት ቆመው «በዚያ ረቡዕ ማታ ልጄ እንዳጥብለት ሱሪ ሰጠኝ፤ ቀይ አፈር ነበረበት፤ የቀለም ሥራ ላይ ቀይ አፈር ከየት መጣ ብዬ ጠየቅሁት፣ አልመለሰልኝም» ብለው መሰከሩ። በገዛ ልጃቸው ላይ። እኔ በዚያ ቀን ደረጃው ላይ ጠብቄ «እርስዎም እናት ነዎት?» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላም አላልኳቸውም። ዛሬ ታክሲያችንን ተከትለው መጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ የተቀመጡበት ወንበር እንኳ የለም። ነርሷ ጠራቻቸው፣ ገቡ። የተባባልነው ይጻፍ።

«እትዬ፣ ሚጡን ይውሰዱልኝ።»

«እኔ? ፊቷን እያየሁ ምን እላታለሁ?»

«እውነቱን።»

«እውነቱ እኮ የኔ ልጅ ነው።»

«ለዚህ ነው የጠየቅሁዎት። ሌላ ሰው ቢነግራት አባቷን ለማሳነስ ወይም ለማዳን ብሎ ይመስላታል።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ዳኛ ፊት ቃል መስጠት ሌላ ነው» አሉ። «ዳኛ አያቅፍህም። ሕፃን ነግረሃት ስታበቃ እዚያው እቅፍህ ውስጥ ናት።»

ይህን ሲሉ እህቴ ማልቀስ ጀመረች፤ መጀመሪያ እጃቸውን የያዘችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ከዚያ ወዲያው ደግሞ ተቆጣች፣ «ከእሳቸው ጋር በአንድ በር ልገባ ነው?» አለች። እሳቸው እዚያው ቤቴ ገብተው ያሳድጓት፤ በሩ ሁለት ነው፤ የኋላውን እኔ ራሴ ነኝ የከፈትኩት። እህቴ በኋላ፣ እሳቸው በፊት፣ ሚጡ በመሀል። ቅዳሜና እሑድ ከእህቴ ጋር ትሁን። ትምህርት ቤት የምታደርሳትም እህቴ ናት። አባቷን ማየት ከፈለገች ማንም አይከልክላት፣ ማንም ደግሞ አይውሰዳት፤ ራሷ ትጠይቅ።

ሰባተኛ፣ አስከሬኗ። አማቼ አንድ ቀን አፉን ከከፈተ፣ ልጄ የትም ብትሆን ትውጣና እኔ አጠገብ ትቀበር። እኔ ቀድሜ ከሄድኩ ጎኔ ላይ ቦታ ይተውላት። አትፈልጋት ብሎኛል። የምክር ቃል ተውልን ካላችሁኝ ምክሬ ይህ ነው፦ ፈልጓት።

ይህን ቃል ጸሐፊው መልሶ አነበበልኝ፣ የተናገርኩት ነው። ሁለት ቦታ «አባዬ» የሚለውን ሲያነብ ድምፁ ተሰብሮበታል እንጂ ሌላ ስህተት የለበትም። በቀኝ እጄ ፈርሜያለሁ፣ ቀኙ ይታዘዘኛል።

ተናዛዡ፣ የቀለም ፎርማን — ፊርማ

ምስክሮች፦
ሻካራ፣ የስቱኮ ሠራተኛ — ፊርማ
የክፍሉ ነርስ — ፊርማ
የጎረቤት አልጋ ሕመምተኛ፣ ጡረተኛ አናጢ፣ ሳይጠራ የሰማ — ፊርማ
ማመልከቻ ጸሐፊው — ፊርማ

እህቴ «እኔስ አልፈርምም» አለች። ጸሐፊው «እርስዎ ድርሻ ስላለዎት ቢፈልጉም አይችሉም» አላት።

ከፊርማው በታች ይጨመር። አራት ዓመት ሙሉ ሚጡ በጠየቀችኝ ቁጥር እናትሽ ሥራ ሄዳለች፣ ትመጣለች ብያታለሁ። ዛሬ ጠዋት ስወጣም ይህንኑ ብያት ነው የወጣሁት። ሐኪሙ ከነገ በፊት ልጅ ወደዚህ ክፍል አይገባም ብሏል። እናቷ እንደማትመጣ እስከዚህ ሰዓት ድረስ አልተነገራትም። ሳልከፍል የቀረሁት ዕዳ ይህ ነው።