ዘይትህን ለመኪናህ፣ አባዬ

ይድረስ ለምወደውና ለምናፍቀው አባቴ ለባሺር፤ ሐረር፣ መኪና ግርግር።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንዴት ነህ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? አሁንም መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ መነጽሬ የታለ እያልክ ነው ወይስ እህቴ ሀያ በገመድ አንገትህ ላይ አንጠለጠለችልህ? እማዬስ ደህና ናት? ደም ብዛቷ ተስተካከለላት? ጨው ቀንሺ ሲሏት እሺ ትላለች ወይስ ዛሬም ሐኪሙ የኔን ወጥ ስላልቀመሰ ነው ትላለች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ገብቷል፤ ቀትር ላይ በሰፈራችን በካርቲየ 2 መንገድ ላይ ከእኔና ከድመቶች በቀር የሚታይ የለም፤ ድመቶቹም ብልጦች ናቸው፣ ጥላ ጥላውን ይሄዳሉ። ግን ለሙቀቱስ ቬንትሌተር አለው። ለናንተ ናፍቆት ነው መላ ያጣሁለት።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን ያደርጋል፣ ስልክ አይሻልም ወይ እንደምትል አውቃለሁ። አባዬ፣ አንተን በስልክ ማናገር ከስፌት መኪናህ ጋር ማውራት ነው። እኔ ስናገር መኪናው ይንጣጣል፣ አንተ «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» ትላለህ፣ ስልኩ ተዘግቶ እማዬ ምን አለች ብላ ስትጠይቅህ ሰላም ብላለች ትላታለህ። ይኼኛውን ሰላም ብላለች ብለህ እንድታልፈው አልፈልግም። ወንበርህ ላይ በደንብ ተቀመጥ፣ እግርህን ከፔዳሉ አንሣ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሥራ ደህና ነው። የሠርግ ወቅት በመሆኑ የአፋር ሴቶች በጠዋቱ እየመጡ ዶቃውን በጣታቸው እያሻሹ፣ በጥርሳቸው እየነካኩ ይመርጣሉ። አሠሪዬ ሀጀራ ትቆጣለች፣ እነሱም ይቆጧታል፣ በመጨረሻ ተሳስመው ይለያያሉ። ሀያ ትቀመጥበት የነበረውን ወንበር ሀጀራ ለማንም አልሰጠችም። ዕቃ እንኳ አታስቀምጥበትም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የእህትህ የውዳድ ልጅ ረምዚ ነው። ለአረፋ በባቡር ወደ ቤቱ ስለሚመጣ አንድ ካርቶን አሸክሜዋለሁ። ካርቶኑ የሀያ ነው። ውስጡ እዚህ ሻሉሞ የምንለው አለ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ ብርጭቆ አቅልጠን ዶቃ የምንሠራበት የእሳት መሣሪያ ነው። ሁለት የጋዝ ማስተላለፊያ ጎማና ሲሊንደር አናት ላይ እየታሰሩ ግፊቱን የሚመጥኑ ሁለት ሬጉሌተር አብረውት አሉ፤ አንዱ ለጋዝ፣ ሌላው ለኦክስጅን። ጋዙ እማዬ ወጥ የምትሠራበት ዓይነት ነው። ኦክስጅኑን ረምዚ ድሬዳዋ ካሉት የብየዳ ሰዎች አፈላልጎ ያመጣላታል። መሣሪያውን ሀጀራ ከራሷ ነው የሰጠቻት፤ በዚህች ልጅ እጅ ላይ ትዕግሥት አይቻለሁ ብላ። በአፏ ላይ ግን አላየሁም ብላ ጨምራለች።

አምና ሀያ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ኦቦክ ሄዳ፣ ከዚያ ባሕሩን ወደ ዓረብ አገር ልትሻገር ተነሥታ እኔ ቤት ያረፈች ጊዜ ምን ያህል እንደተጨነቅህ አልረሳሁትም። ለምነን፣ ተቆጥተን፣ አልቅሰን አልመለስ ያለችንን ልጅ የመለሳት አንድ ጠብታ ቀይ ብርጭቆ ነው። ሀጀራ ቀጭኑን ዘንግ አስያዘቻት፤ ሀያ ብርጭቆውን እሳት ፊት ስትጠቀልል፣ ክብ ሲሆንላትና ሲበራላት ፊቷን አየሁት። ጓደኞቿ ሄዱ፣ እሷ ቀረች። አሁን ከሱቅህ ጀርባ ባለችው ክፍል የራሷን ሥራ ልትጀምር ነው። አባዬ፣ ያቺ እሳት በደህና ከነደደች ሀያ ቤቷ ትኖራለች። ፊቷን ወይም እጇን ካገኘቻት ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልችልም። ደብዳቤውን ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

የምሰጋው ግን በሀያ አይደለም። እሷን ሀጀራ በሚገባ አስተምራታለች። የምሰጋው በአንተ ነው። አትቆጣ፣ አንብብ።

አንተ ዘይት የማያድነው በሽታ አለ ብለህ አታምንም። በር ሲንቋረር፣ መቀስ ሲደነዝዝ፣ የጎረቤታችን የተናኘወርቅ ጃንጥላ አልዘረጋ ሲል፣ የወንድሜ የሙሚን ብስክሌት ደወል አልጮህ ሲል፣ መድኃኒቱ ያው የመኪና ዘይት ነው፤ ጠብ ታደርግበታለህ። ጥር ላይ ሀያን ልትወስድ የመጣህ ጊዜ እንኳ የበሬን ማጠፊያ፣ ቬንትሌተሬን፣ የአከራዬን መስኮት ሁሉ ዘይት አጠጥተህ ነው የሄድከው። አከራዬ እስከ ዛሬ መስኮቷን ስትከፍት ትመርቅሃለች። እኛም ያደግነው በዚያ ሽታ ነው፤ እዚህ ሰው የስፌት መኪና ሲያድስ ሸቶኝ ቆሜ ቀርቼ አውቃለሁ።

ልትመለሱ ስትሉ ሀጀራ ዘንድ ወሰድኩህ። ያን ቀን እንዴት አድርገህ እንደምታወራው አውቃለሁ፤ ከሐረር የመጣ ሰው ሁሉ ይነግረኛል። ሀጀራ ሥራዋን ጥላ ተነሣች፣ እንዲህ ያለ እንግዳ መጥቶ ዛሬ ሥራ አይሠራም አለች፣ በሩን ዘጋች፣ ሠራተኞቿን ሁሉ አስከትላ ካርቲየ 4 የየመኖቹ ዓሣ ቤት ወሰደችኝ ትላለህ። ዓሣው ከትሪው ተርፎ ጭራው ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ነበር ትላለህ። በመጨረሻ ያወራልኝ ሰው እንዳለው ከሆነ ዓሣው ከጠረጴዛውም ሊያልፍ ነው።

አባዬ፣ የሆነውን ልንገርህ። እኔና ሀያ ሻይ ልናመጣ ወጣ ስንል ሀጀራ የኦክስጅኑን ሬጉሌተር ለማሰር ትታገል ነበር። ማሰሪያው ጠጣር ነው፣ ሁልጊዜም ያስቸግራታል። አንተ ደግሞ የሚቸገር ሰው ቆመህ ማየት አትችልም። መፍቻ ልታመጣ ጀርባዋን ስታዞር ከኪስህ ያቺን ትንሿን የዘይት ጠርሙስ አውጥተህ ጥርሱ ላይ ጠብ አደረግህበት። ስትመለስ በጣቷ ብቻ ዞረላት። ገርሟት የሲሊንደሩን አናት ልትከፍት እጇን ዘርግታለች፤ ቀና ስትል አንተ ፈገግ ብለህ ጣትህን በመሃረብ ስትጠርግ አየችህ። እጇን መለሰች።

ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያሳብደዋል። ታምቆ ስለሚቀመጥ በኃይል ሲወጣ ዘይት ወይም ቅባት ካገኘ ክብሪት ሳይጫር እዚያው ሊቀጣጠል ይችላል፤ ሲቀጣጠልም ብረቱን ራሱን ይበላዋል። ፊት ለፊት ቆመህ የነበርከው አንተ ነህ። ከኋላህ ሀያ ሻዩን ይዛ እየገባች ነበር። 

ሀጀራ እንግዳን ፊቱ ላይ ምን አደረግህ አትልም። ዛሬ ሥራ የለም ብላ በሩን ዘጋች። ያንን ሬጉሌተር ዳግመኛ አልተጠቀመችበትም። ለእኔ እንኳ የነገረችኝ ባቡራችሁ ከሄደ በኋላ ነው። አባትሽ ደግ ሰው ነው፣ ወላሂ ደግ ነው፣ ደግነቱን ግን ከኦክስጅኑ አርቂልኝ አለችኝ። ይህ ካርቶን ባይመጣ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ዝም እል ነበር፤ ያን ቀን ስታወራ ድምፅህ እንዴት እንደሚፈካ አውቃለሁና። ግን አዲሱ ሬጉሌተርም ጠጣር ነው። ሀያ ስትታገል ታያታለህ። ደንቡን እሷም ታውቃለች፤ ሆኖም አባቷን እጅህን አንሣ የምትል ልጅ አላሳደግህም። እኔ ራቅ ስላልኩ ደፈርኩ።

እንግዲህ እለምንሃለሁ፣ ዘይት የሚባል ነገር እዚያ ክፍል አይግባ፤ የመኪናም፣ የፀጉርም፣ የወጥም። ሀያ ፀጉሯን ተቀብታ ከሆነ እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ምንም አትንካ። የብየዳ ሰዎቹ መፍቻ እናውሳችሁ ቢሉ አትቀበሉ፣ የነሱ በግራሶ የተለወሰ ነው፤ ንጹሕ መፍቻ ካርቶኑ ውስጥ አለ። ሲሊንደሮቹ ቆመው በሰንሰለት ይታሰሩ። የጋዙ ደጅ ይሁንና ጎማው በግድግዳው ይግባ። ሀያ በጋዙ መጋጠሚያዎች ላይ የሳሙና አረፋ ትቀባለች፤ አረፋው እየተነፋ ከመጣ ጋዝ እያመለጠ ነው፣ እሱ ሳይስተካከል ክብሪት አይጫርም። ጋዝ ደግሞ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ያቺ ወለል ላይ የምታስቀምጣት የከሰል ካውያህ ከዚያ ክፍል ደጃፍ ትራቅ። እሷን ረስቼ ደብዳቤውን ላሽገው ነበር።

የሲሊንደሮቹን አናት ስትከፍት ሀያ ፊቷን ወደ ጎን አድርጋ፣ በቀስታ ትክፈት። ቢስሚላሁን ጋዙን ከመክፈቷ በፊት ትጨርሰው። እማዬ ጋዙን ከፍታ ክብሪት ፍለጋ ቤቱን የምትዞረው ነገር እዚያ አይሠራም፤ እሳቱ አስቀድሞ በእጅ ይሁን፣ ከዚያ የሻሉሞው የጋዝ መዞሪያ ትንሽ ይከፈት። አፉ ወደ ባዶው የድንጋይ ግድግዳ እንጂ ወደ ሰው አይዙር። መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫና ሰነፍ ነበልባል ነው። ኦክስጅኑን ጥቂት በጥቂት ስትጨምርለት ይሰበሰባል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይተነፍሳል። ያኔ ብርጭቆው ይቀርባል። ስታጠፋ ኦክስጅኑን አስቀድማ፣ ጋዙን አስከትላ ትዝጋ፣ የሲሊንደሮቹንም አናት ዘግታ ትነሣ። እሳቱ በመካከል በራሱ ከጠፋ ሁለቱንም ዘግታ፣ መስኮቱን ከፍታ ትውጣ፤ አየሩ ሳይጠራ መልሳ እንዳትጭር። ችኩል መሆኗን ታውቃለህ። ከማን እንደወረሰችው እማዬን ጠይቃት።

ይህን ሁሉ አታድርግ ስልህ ከክፍሉ ላስወጣህ መስሎህ እንዳይከፋህ። ማንም የማይሠራልኝ ሥራ አለህ። ሀያ ያቺን የምታብለጨልጭ ቀሚሷን ለብሳ እሳት ፊት ከተቀመጠች አንዲት ፍንጣሪ ትበቃታለች፤ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ልጆች ሳለን ከጨርቅ ጠርዝ ክር መዘህ በክብሪት ትለኩስልን ነበር። አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፣ ተኮማትሮ ጠጣር ፍሬ ከሆነ ናይለን ነው ትለን ነበር። አሁንም እንደዚያው ክሩን ለኩሰህ መርጠህ፣ ከወፍራም ጥጥ ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ሽርጥ ስፋላት። የምትሰፋበት ክርም ጥጥ ይሁን። ኪስ አታውጣለት፣ ጫፉንም ወደ ውጭ አትጠፈው፤ የጋለ ብርጭቆ ሲፈነጠር እዚያ ይገባል። ሻሿም ጥጥ ይሁንና ጫፉ ከኋላ ይታሰር። ሀጀራ እዚህ ዞራ ዞራ እንዲህ ያለ ሽርጥ አጥታለች። ለእሷም አንድ ብትሰፋላት ረምዚ ሲመለስ ያመጣዋል። ልኳን ያን ቀን በዓይንህ እንደወሰድክ አልጠራጠርም።

ይህን ልጽፍልህ ስነሣ ሀጀራን አስፈቀድኳት። መጀመሪያ ተይው፣ ሽማግሌ አታሳዝኚ አለችኝ። ስለ ሀያ ስነግራት፣ በሩን የዘጋሁት በዘይቱ ነው፣ ዓሣ ቤት የወሰድኩት ግን በዘይቱ አይደለም በይው አለች። በሩን ዘግቼ ሁላችሁንም ወደ ቤታችሁ ልሸኛችሁ እችል ነበር፤ ልጁን ፍለጋ እስከ ባሕር ድረስ የመጣ አባት አይቼ ሳላበላው ልሸኘው አልቻልኩም አለች። ስለዚህ አባዬ፣ ወሬህን እንዳትተወው። እንደ ድሮው አውራው፣ ዓሣውንም ደስ እስኪልህ አሳድገው።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ካርቶኑ ጥግ በጨርቅ የተጠቀለለው ሰማያዊ ዶቃ የሷ ነው፣ ለሠርግ ብላ እንዳታስቀምጠው። ሙሚንን የካርቶኑን ሬጉሌተር እንዳትፈታታ ብላሃለች በለው፣ ወንድሜን አውቀዋለሁ። አክስቴ ውዳድን ልጅሽ እዚህ ሳለ በደንብ ይበላል በላት። ተናኘወርቅን ከነጃንጥላዋ ሰላም በልልኝ። ሀያዬን እቀፋትና ወንበርሽ ባዶውን ይጠብቅሻል፣ ባትመለሺበት ግን ደስታችን ነው በላት። ለሁላችሁም መልካም አረፋ።

ሀያ መጀመሪያ የምታቀጣጥል ቀን እኔ አጠገቧ አልኖርም። አንተ ቁምላት። ዘይትህ ሱቅ ይቅር፣ እጅህ ይታጠብ፣ አንተ ግን አትቅር።

ልጅህ ሱሪያ
ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.