ሙቀቱ አልነበረም፤ የባሕር ስፖንጅ ተመራማሪዋ የእህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከጀልባ መካኒክ አባታቸውና ከትምህርት ቤት ጸሐፊ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ወደብ አጠገብ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩ። በስምንት ወራቸው ቆመው መሄድ በመጀመራቸው እናታቸው "ከዚያ ወዲህ ተቀምጣ አላየኋትም" ይሉ ነበር።

በ1962 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሥነ ሕይወት አጠኑ፤ በ1969 ዓ.ም. በባሕር ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። ሥራቸው ስፖንጅ ነበር፤ እንደ ድንጋይ ከሚጠነክረው የባሕር ፍጡር ከኮራል ጎን ተጣብቆ ቀኑን ሙሉ ውኃ እየሳበ የሚያጣራና ለኮራሉ ምግብ የሚያቀብል እንስሳ። እሳቸውም እንደዚያው አረፍ ስለማይሉ ባልደረቦቻቸው "ፓምፗ" ይሏቸው ነበር። ምሳቸውን ቆመው ይበላሉ፤ የጀመሩትን ሻይ ሲጨርሱ ያየ የለም። በ1973 ዓ.ም. የጣቢያውን ጠላቂ ዋናተኛ አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

የ1984 ዓ.ም.ን ነገር ዘሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አንዘለውም። የተጎዳ ኮራል ለማዳን አራት መቶ ስፖንጆች በገንዳ አሳደጉ። ስፖንጆቹ ወደ ባሕር ሲወርዱ በሽታ እንዳይዛቸው ብለው በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንዲታጠቡ አዘዙ። የገንዳው ጠባቂ "ዶክተር፣ ከታጠቡ ወዲህ እኮ ውኃው ሸተተኝ" ቢሏቸውም አልሰሙም። መድኃኒቱ በስፖንጆቹ ሥጋ ውስጥ እየኖሩ የሚመግቧቸውንና ቆሻሻቸውን የሚያስወግዱላቸውን ረቂቅ ተሕዋስያን ፈጅቶ ኖሯል። ስፖንጆቹ ባሕር ገብተው በሦስት ሳምንት በሰበሱ፤ ብስባሹ ያረፈበት ኮራልም አብሮ ሞተ።

የጣቢያው ኃላፊ የገዛ ታናሽ ወንድማቸው ነበር። "እታለም፣ ዘንድሮ ሙቀቱ በርትቷል። ሙቀት ነው እንበልና እንገላገል" ብሎ ሪፖርቱን ጻፈ። ፈረሙ። አልተገላገሉም። ሌሎች ጣቢያዎች እጥበቱን እንደ ጥሩ ዘዴ የጠቀሰውን ያንን ሪፖርት አምነው ስፖንጆቻቸውን በዚያው መድኃኒት ማጠብ ሲጀምሩ እንቅልፍም ምግብም እምቢ አላቸው። በ1991 ዓ.ም. በትልቅ ጉባኤ መሐል ተነሥተው "ሙቀቱ አይደለም። የገደልኳቸው እኔ ነኝ" አሉ። እጥበቱ በየጣቢያው ቆመ። ወንድማቸው ግን ከኃላፊነት ተነሣ፤ እናታቸው እስኪያርፉ ድረስም ስድስት ዓመት ሙሉ አላነጋገራቸውም።

እሳቸው ከነተሕዋስያናቸው ባደጉ ስልሳ ስፖንጆች ሥራውን እንደገና ጀመሩ። በመጨረሻው ቆጠራ ከስልሳዎቹ ሃምሳ ሁለቱ በሕይወት ነበሩ፤ አጠገባቸውም አዲስ ኮራል በቅሏል። ታመው አልጋ ላይ ሳሉ ይህ ሲነገራቸው "ስምንቱስ ምን ነካቸው?" ብለው ሊነሡ ሞከሩ። ወንድማቸውን አስጠርተው "ያኛውን የጻፍከው አንተ ነህ፤ የኔንም አንተው ጻፈው። በሙቀት እንዳታሳብብ" አሉት።

ሚያዝያ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ዕለቱ ሞቃት ነበር። የሞቱት ግን በጉበት ሕመም ነው።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ባኮረፋቸው ዓመታት እህታችን ቤቱ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥተው አንኳኩተዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ "የለም" ተብለው ተመልሰዋል። ነበረ። ወንድማቸው ያልከፈተላቸውን በር ፈጣሪ ይክፈትላቸው።