አቶ ቢተው አዳምና ከእርሻቸው የወጣችው የነሐስ ሳንቲም

አቶ ቢተው ከአባታቸው ከአቶ አዳም ውባንተና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል በ1949 ዓ.ም. በላስታ፣ ነአኩቶ ለአብ አጠገብ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ሊጀምሩ ሲሉ አባታቸው ስላረፉ ሞፈር ጨበጡ። እርሻቸው ከድንጋይ የተረፈ ነው፤ እርሳቸው ግን ድንጋዩንም ያርሱት ነበር። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውባንቺ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሸጌን፣ ሰጠኝንና ይታገሱን አፍርተዋል።

በ2002 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሲያርሱ አንዲት የነሐስ ሳንቲም ወጣችላቸው። የሰው ራስ አለባት፤ ከራሱም ዙሪያ ጨረር ይወጣል። የፈረንጅ ፊደል ስላለባት፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል ወደሚባለው ጎረቤታቸው፣ ይህን ወደምጽፈው ወደ እኔ ይዘዋት መጡ። ማንበቡ አቃተኝ። አላውቅም ለማለት አፍሬ፣ «ጨረር ያለው ጻድቅ እንጂ ማን ይሆናል? ሰማዕቱ ጊዮርጊስ ነው» አልኋቸው። አመኑኝ። ከማተባቸው ጋር አሰሯት። ያመመው ሁሉ እየመጣ ተሳለማት፤ እኔም ተሳልሜአለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ከአንድ አስጎብኚ ጋር የመጣ የጥንት ገንዘብ አዋቂ ጽሑፏን አነበበ። ሳንቲሟ ላይ ያለው ሰው የሮም ንጉሥ ነው፤ ጨረሩም የዘውዱ ነው። ስሙ ዲዮቅልጥያኖስ፤ ያ ሰማዕታትን ያስፈጀው።

አገር ሳቀ። ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። «አያ ቢተው፣ ጌታዎ ዲዮቅልጥያኖስ እንዴት አደሩ?» ያልኋቸውም እኔ ነኝ። ስሙ ተለጠፈባቸው። ከሰንበቴው ቀሩ። ሸጌም ጋሸና ገበያ ላይ «የዲዮቅልጥያኖስ ልጅ» ተብላ እያለቀሰች ተመለሰች። ጊዮርጊስ ነው ያለዎት ማነው ሲባሉ ግን፣ «ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ» ይሉ ነበር። ስሜን አንድ ቀን አላነሱም። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አንተ የሰው ደብዳቤ ታነባለህ፣ መታመን አለብህ። እኔን በሬዎቼ እንደሁ አይስቁብኝ» አሉኝ። ይህን ሰምቼም ስድስት ዓመት ዝም አልሁ።

አቶ ቢተው በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አርፈዋል። ወይዘሮ ውባንቺ ታሪካቸውን እንድጽፍ ያዘዙኝ ዛሬም ማንበብ የሚያውቅ ሰው መስዬአቸው ነው።

እንግዲህ በአስከሬናቸው ፊት ልናገር፤ የተሳሳተው የእርሳቸው ዓይን አይደለም፣ የኔ አፍ ነው። ወይዘሮ ውባንቺ፣ እናንተም ልጆቻቸው፣ ይቅር በሉኝ። ያን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝና ከዛሬ ጀምሮ የሚጠራው ሰው ቢኖር እኔን ይጥራበት።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። እኔንም በዚያ ሳገኛቸው ቀና ብዬ ዓይናቸውን ለማየት ያብቃኝ።